የሮም ምሥረታ በወላጆች ቀን

የልጅ ልጄ የምትማርበት የሶዶ ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን የሮምን መንግሥት አመሠራረት የሚያሳይ ድራማ እንዳዘጋጀ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናሁና ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ፣ የታሪክ መምህሩ ልምምዱን አይቼ እንዳርምለት ጋበዘኝ። ደስታዬ ግን ከሁለተኛው ትዕይንት አላለፈም።

ትዕይንቱ ሴት ያጡት የሮም መሥራቾች ጎረቤቶቻቸውን ሳቢኖችን ለበዓል ጠርተው ልጃገረዶቻቸውን የሚጠልፉበት ነው። ተማሪዎቹ ሴቶቹን በትከሻቸው ተሸክመው ሲሮጡ ከበሮ ይመታል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ በአገራችን የሰርግ ዜማ ይጨፈራል። ቀጥሎ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ጊደር እየጎተቱ ለዕርቅ ይመጣሉ። በሮም! ጊደሯን ሆኖ የሚጫወተው ተማሪ “እምቧ” ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የልጅ ልጄ ከተጠላፊዎቹ አንዷ ናት፤ ተሸክመዋት ሲያልፉ እንድትስቅ ታዝዛለች።

እኔ አልሳቅሁም። ታላቅ እህቴን ከሻንቶ ገበያ ስትመለስ ሲጠልፏት ገና ልጅ ነበረች። አባታችን ሲፎክር ሰነበተ፤ ከዚያ ሽማግሌ መጣ፣ ጊደር መጣ፣ “እንግዲህ አንዴ ሆኗል” ተባለ፤ በግቢያችን ተበላ፣ ተመረቀ። እሷን የጠየቀ አልነበረም። አሁን ባሏ ሞቶ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ለበዓሉ ከፊት የክብር ቦታ ተይዞላት፣ “ልጄ ስትጫወት ላያት ነው” ብላ ነጠላዋን አሳጥባለች። እዚያ ተቀምጣ ሕዝብ ሲስቅባት እንዴት ልይ?

“መምህር፣ ይህ ትዕይንት ይውጣ” አልኩ።

“ጋሼ፣ ታሪክ እኮ ነው! ሮም የተጀመረችው እንዲህ ነው።”

“አይደለም። ሮማውያን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለ ራሳቸው የተረኩት ነው። የአርኪዮሎጂ ቁፋሮው የሚያሳየን በቲበር ወንዝ ዳር ኮረብታዎች ላይ የነበሩ የእረኞችና የገበሬዎች ጎጆዎች ቀስ በቀስ አንድ ከተማ ሲሆኑ ነው። ረግረጉን አጠንፍፈው አደባባይ አደረጉት፤ የጨው ንግድ በዚያ ያልፍ ነበር፤ ከሌላ የመጣውንም ከራሳቸው ቆጠሩት። ይህን ለምን አታሳይም?”

“ረግረግ ሲጠነፈፍ ማን ያያል ጋሼ?” ብሎ ሳቀ። “ሕዝቡ የሚወደው ጠለፋውን ነው። ደግሞ መጨረሻው ዕርቅ ነው፤ ሴቶቹ ራሳቸው በአባቶቻቸውና በባሎቻቸው ጦርነት መሃል ገብተው ነው ያስታረቁት።”

ያንገበገበኝ ይህ አነጋገሩ ነው። አፈ ታሪክ እውነት አልሆነም ብዬ አልቆጣም፤ እያንዳንዱ መንግሥት ስለ ልደቱ ያሻውን ያወራል። የጠለፈው ሰው ከተማ ሲቆረቁር ግን ጠለፋው ምሥረታ ይባላል፤ የተጠለፈችው ደግሞ በመጨረሻ ወጥታ አስታራቂ ትባላለች። ይህን ለልጆች በእልልታ አጅቦ ማስተማር ነውር ነው፤ ለመምህሩም ይህንኑ ነገርኩት። እልልታውን ብቻ እንደሚቀንስ ቃል ገባልኝ።

ቤት ስገባ እህቴን፣ “እትዬ፣ ነገ ባትሄጂ ይሻላል” አልኳት።

“ለምን? ነጠላዬን አሳጥቤ?”

የልጅ ልጄ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻት።

“ጊደሯስ፣ ወፍራም ናት?” አለች እህቴ። በነጋታው ከሁላችንም ቀድማ ለበሰች።

በበዓሉ ዕለት እልልታው ጭራሽ አልቀነሰም፤ እናቶችም ከወንበራቸው ሆነው አገዙ። የልጅ ልጄ ብቻ ተሸክመዋት ሲያልፉ አልሳቀችም። ሽማግሌዎቹ ጊደሯን አስረክበው እጃቸውን ለምርቃት ሲዘረጉ እህቴ በከዘራዋ ተደግፋ ተነሣች።

“ልጅቷን ጠይቋት!” አለች በወላይትኛ።

ሰዉ የድራማው ክፍል መስሎት ሳቀ። እሷ ደገመችው። ሳቁ ሳሳ። ተማሪ ሽማግሌዎቹ የሚሉት ጠፍቷቸው ወደ ልጅ ልጄ ዞሩ፤ አንደኛው በድንጋጤ፣ “እ… እሺ ትያለሽ?” ሲል ጠየቃት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች፤ አፏን ከመክፈቷ መምህሩ መጋረጃውን ጎትቶ ዘጋው። ጭብጨባ ሆነ።

“ሰዓት ስላለቀ ነው” አለን መጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ። “እማማ፣ አልቋል፤ ይቀመጡ።”

እህቴ ግን መጋረጃውን እያየች እንደቆመች ነበረች።

“ገና አልመለሰችም” አለችው።