እህቴን ያረሰቻት ሴት

እህቴ በሱዳን በኩል ወጥታ ስዊዘርላንድ ስትገባ እኔ ዙሪክ አልትሽቴተን የቢሮ ጽዳት እሠራ ነበር። ደርግ አገሩን ይዞ፣ እኛም በየአገሩ ተበትነን ባለንበት ዘመን ነው። አብራኝ ትኖራለች ብዬ ሁለተኛ አልጋ ገዝቼ ጠበቅኋት። የስደተኛ ቢሮው ግን ሰውን በየካንቶኑ፣ እንደኛ በየክፍለ ሀገሩ፣ የሚያድለው እንደ ርዳታ ስንዴ ነው፤ እሷን ለጄኔቫ አደላት። ሄጄ ለመንኳቸው። በጀርመንኛ ከተናገርኩት በአማርኛ ያለቀስኩት ይበልጣል። "ባቡር አለ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ባቡርስ አለ።

እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ ተራውን እየጠበቀ ካርቱም ቀርቷል። ጄኔቫ፣ ሰርቬት በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ያገራችን ሴት አስጠጋቻት። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። መጀመሪያ መርቄያታለሁ። ኋላ ግን እህቴ በስልክ ሁለት ነገር ካወራችኝ አንዱ ስለ እሷ መሆን ሲጀምር ምርቃቴ እየቀጠነ ሄደ።

ሴት ልጅ ተወለደች። ከሥራ ፈቃድ እስካገኝ ሳምንት አለፈ። ያነጠርኩትን ቅቤና የገብስ ዱቄት ይዤ ባቡር ላይ ወጣሁ፤ መንገዱን ሁሉ በሐሳቤ ገንፎ ሳገነፋ ነው የሄድኩት። አገር ቤት ቢሆን እናታችን ታርሳት ነበር፤ እናት ከሌለች ደግሞ ታላቅ እህት ናት። በሩ ሲከፈት ግን የገንፎ ሽታ ቀድሞ ተቀበለኝ። ሴትዮዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እያጎረሰቻት ነው።

"እትዬ፣ ቅቤው በዛ" አለች እህቴ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት የጠራችው እኔን አይደለም። አፏን ከፈታች ጀምሮ እትዬ የምትለው እኔን ብቻ ነበር።

"ለአራስ ቅቤ በዛ አይባልም፤ ዝም ብለሽ ዋጪ" አለቻት ሴትዮዋ። ወደ እኔ ዞር ብላም፣ "ግቢ እንጂ፣ እንግዳ አትሁኚ" አለችኝ። በገዛ እህቴ አራስ ቤት እንግዳ አትሁኚ ተባልኩ። የእኔ ቅቤ ማቀዝቀዣ ገባ።

ማታ እህቴ ልጅቷን እያጠባች፣ "ክርስትና የምታነሣት እሷ ናት" አለችኝ።

"እኔስ?"

"አንቺማ አክስቷ ነሽ። ከዚያ በላይ ምን ልስጥሽ?"

ትክክል ናት፤ በክርስትና የሚዛመዱት ከባዳ ጋር ነው። ሆዴ ግን ትክክል ነገር አይሰማም።

በማግስቱ ለልጅቷ ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ከአውቶቡስ መስኮት አየኋት፤ ሴትዮዋ የደርግ መንግሥት ሰዎች ወዳሉበት የቆንስላ ቤት ስትገባ። ያን ጊዜ እኛ በዚያ ደጅ አናልፍም ነበር፤ ማለፍ ግድ ከሆነም በማዶው ነው። እዚያ የታየ ሰው ወሬ አቀባይ ተባለ ማለት ነው። ከተባለ በኋላ ሰላም የሚለው፣ ማኅበር የሚጠራው፣ ልጁን ለክርስትና የሚሰጠው አይኖርም። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። እሁድ የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነበር፤ ቤቴ ትንሽ ጣል ባደርጋት ወሬዋ ከባቡሩ ቀድማ ጄኔቫ ትገባለች። እህቴም ወደ እኔ ትመለሳለች።

ነገሩን ይዤ ልሄድ ቆርጬ ነበር፤ ግን አፌ ወሬ ይዞ አያድርም። ማታ ከሴትዮዋ ጋር ሰሃን ስናጥብ፣ "ዛሬ የት ዋልሽ?" አልኳት።

"አይተሽኛል ማለት ነው።" እጇን ከውኃው አላወጣችም። "ልጄ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ቀርታለች። መውጫ ቪዛ እንዲሰጧት እለምናቸዋለሁ።"

"በነፃ ይለመናሉ?"

"በነፃማ የት አለ። ማን መጣ፣ ማን ምን አለ ይሉኛል። ከዚህ ወጥተው ካናዳ የሄዱትን ሰዎች ስም እየጠራሁ እነግራቸዋለሁ። ይጽፋሉ።"

ሳልወድ ሳቅሁ። "ካናዳ የሄዱት ሲያልቁስ?"

"አውስትራሊያ አለ።" ሰሃኑን አቀበለችኝ። "መጥተሽ አልጋው ላይ ስትተቃቀፉ ሳያችሁ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያንቺ መጣችልሽ። የእኔዋ አያቷን ነው አሉ እማዬ የምትላት።"

ለካ እኔ ስቀናባት እሷም ስትቀናብኝ ኖራለች። ሁለታችንም በአንዲት ሕፃን አልጋ ዙሪያ ነው የምንንገበገበው።

በማግስቱ ተመለሺ ብለዋት ነበርና ሐሙስ ዕለት አብሬያት ሄድኩ። አልገባሁም፤ ደጁ ላይ ነፋስ ሲገርፈኝ ጠበቅኋት። ስትወጣ፣ "ገና ነው አሉኝ" አለች።

እሁድ አልትሽቴተን ቤቴ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ከጸሎቱ በኋላ አንዷ፣ "ያቺ እህትሽን ያስጠጋቻት እነዚያ ቤት ትገባለች ይባላል። እውነት ነው?" አለችኝ።

እኔ ሳላወራ ወሬው መጥቶ ኖሯል። ዝም ብል ሴትዮዋን ለማስጣል ይበቃ ነበር። ዝምታ ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ንስሐ አባት እንኳ አይጠይቅበትም። ያ ገንፎ፣ ያ "እትዬ" ገና ከልቤ አልወጣም ነበር።

"ትገባለች" አልኩ። "ለልጇ ቪዛ ነው። ባለፈው ሐሙስ ደጁ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ።"

"አንቺም?"

"እኔም።"

አንዷ፣ "ቤት ትቻቸው የመጣሁ ልጆች አሉ" ብላ ካፖርቷን አነሣች። ሁለት ተከተሏት። በዕድሜ የሚበልጡን እናት ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። "እናት ደጅ አትመርጥም። ዳቦውን ቁረሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለማኅበር የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነበር።

ክርስትናው ከሰው በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን፣ ከሌላ አገር በመጡ ቄስ ተፈጸመ። የሴትዮዋ ልጅ ገና አልተለቀቀችም። ሴትዮዋ የክርስትና ልጇን ታቅፋ ወደ ፊት ስትወጣ እኔ ከኋላ ቆሜ ካፖርቷን ይዤላታለሁ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ውኃው ሲነካት ልጅቷ ጮኸች፤ ክንዴ ሊቀበላት ብድግ አለ፤ ካፖርቱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።