መጋረጃ ያለው አበባ

የወገዳ ሰው ጠላ ሻጯን አልጣሽን የሚያውቃት በጠላዋና በመልሷ ነው። መልሷ ከጠላዋ ይከርራል ይባላል።

በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያኑን ሊስል የመጣው ወልደ ሰንበት ያረፈው እሷ ቤት ነበር። ሲሄድ በተረፈችው ሸራ ላይ አበባ ስሎ ሰጣት፤ በማሰሮ የቆመ አደይና ጽጌረዳ፣ ከሥሩ የረገፈች አንዲት ቀይ ቅጠል። አልጣሽ ያቺን የረገፈች ቅጠል ወደደቻት። «ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ ይስል ነበር፤ እሱ ግን እንደወደቀች ተዋት» ትላለች።

ጭስ እንዳያጠቁርባት በነጠላ ቁራጭ ጋረደችው። ጣጣውን ያመጣው ይኸው ነው። በኛ አገር መጋረጃ የለበሰ ሥዕል ቅዱስ ነው። ጠላ ሊጠጣ የገባ ሁሉ እያማተበ ጨርቁን ይሳለም ጀመር።

«ኧረ አበባ ነው!» ብትል፣

«እንዴታ! እመቤታችንማ የማትረግፍ አበባ ናት» ይሏታል። ሰለቻትና ተወችው።

የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ጽዋው ቤቷ የገባ ዕለት፣ እትዬ አስካለ ሥዕሉን ራሱን ልሳም ብለው መጋረጃውን ገለጡና ደርቀው ቀሩ።

«አንቺ! እመቤታችን የታለች?»

«መቼ አለች አልሁ? አበባ ነው አላልሁም?»

«ለማሰሮ ነዋ ስንሰግድ የከረምነው!» አለ ክንዱ የሚባለው ማኅበርተኛ፣ ሳቁ እያመለጠው።

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ መድኅን ግን አልሳቁም። «አውርጂው። አለዚያ ጽዋው ከዚህ ቤት ይወጣል።»

ልጅ ለሌላት ለአልጣሽ ዘመዷ ማኅበሩ ነው፤ ባሏን የቀበረላት፣ ስትታመም የሚጠይቃት እሱ ነው። ቢሆንም ተነሥታ መጋረጃውን ከነሚስማሩ ነቀለችው።

«አባ፣ መሳሙ ይቅር። ማየቱን ግን አልተውም። ስለሚያምር ነው የሰቀልሁት።»

«ስለሚያምር ብቻ?»

«ስለሚያምር ብቻ! አደይ አይበላ፣ አይጋገር፤ እግዜር ለምን አበቀለው?»

አባ ጽዋውን አንሥተው ወጡ፤ ማኅበርተኛውም ተከተለ። ክንዱ «ጽዋውስ ይውጣ፣ ጠላው ምን በደለ?» ቢልም ሚስቱ በጋቢው ጎትታ ወሰደችው።

በወሩ ተራው የእትዬ አስካለ ሆነ። አልጣሽ ማንም ሳይጠራት ዳቦዋን ይዛ ገብታ ከድሮ ቦታዋ ተቀመጠች።

«አወረድሽው?» አሉ አባ።

«አላወረድሁትም። ጽዋው ከቤቴ ወጣ እንጂ እኔ ከማኅበሩ አልወጣሁም።»

እትዬ አስካለ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ አባን አዩ፣ አልጣሽን አዩ። «እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ተቀምጣለች» ብለው ቀዱላት። አባ አጉረመረሙ፤ ሲባርኩ ግን የሷን ዳቦ አልለዩትም።

«ጽዋው እዚያ ቤት አይገባም፤ ብያለሁ!»

«ይሁን፣ አባ» አለች ዋንጫዋን እያነሣች። «እርስዎ አበባውን ሊያዩ ከመጡ ግን ባዶ እጅዎንም ቢሆን ይግቡ።»