ሳይፈቀድ የተነቀለው ፍላሽ

መርሳ ከተማ፣ መናኸሪያው በር ላይ ዘፈን በፍላሽ የምጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ከሹፌሮች ጋር ጭቅጭቄ አንድ ነበር፤ ንቀሉ ሳልላቸው ፍላሹን መንጭቀው ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ ጨርሻለሁ ይልሃል እንጂ ውስጥ ውስጡን ገና ይጽፋል፤ አስወጣ ብለህ አዘኸው፣ እሺ ሲልህ ነው የሚነቀለው። ስንቴ ለፈለፍኩ! አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ ይሉኛል፤ በማግስቱ ዘፈኑ ሲበላሽ እኔው ላይ ይጮሃሉ።

ነሐሴ ላይ ግን ዘፈን የሚጠይቅ ጠፋ። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማል። የሚመጡት ተዋጊዎች ስልክ ይፈትሻሉ፣ የወታደር ፎቶ ካገኙ ባለቤቱን ይወስዱታል የሚል ወሬ ቀድሟቸው ስለገባ፣ ሰዉ የወታደር ልጁን ፎቶ ሊያስጠፋ ይመጣል። እኔም አጠፋለሁ። እየቀፈፈኝ ነበር የምሠራው።

አንድ ቀን ግራና ከምትባለው አቅራቢያችን ካለች የገጠር ከተማ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። እሳቸው ማስጠፋት አልፈለጉም። የዘመተ ልጃቸው የደንብ ልብሱን ለብሶ የተነሳት ፎቶ ስልካቸው ውስጥ አለች፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌላ ፎቶ የለውም። ወደ ፍላሽ አዛውሪልኝ፣ ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልዬ ጓሮ እቀብረዋለሁ፣ ስልኩ ላይ ግን ምንም እንዳይቀር አሉኝ። የስልኩን ሚሞሪ ካርድና ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼ እንዳሉኝ አዛወርኳት። መግባቷን እንዲያዩ ስከፍታት ልጁ ስክሪኑን ሞልቶ ታየ።

ይኼኔ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጎረቤቴ ጎሚስታው ነው፣ ከተማው እየወጣ ነውና ዝጊ ሊለኝ የመጣ። ሽማግሌው ግን ባዕድ ሰው የልጃቸውን ልብስ ያየባቸው መሰላቸውና ፍላሹን መንጭቀው ኪሳቸው ከተቱት። ምን ነካዎት ብዬ ጮህኩባቸው። ተቀብዬ መልሼ ስሰካው ፍላሹ ባዶ ነው። ካርዱም ላይ የለችም።

የጠፋ ፎቶ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ከካርዱ ላይ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ አልነበረንም። ካርዱን ስልካቸው ውስጥ መለስኩና፣ «አባባ፣ ሰላም ሲሆን ይምጡ። እስከዚያ በዚህ ስልክ አንድም ፎቶ እንዳያነሱ፤ አዲሱ አሮጌውን ያጠፋዋል» አልኳቸው። በማርያም ማሉልኝ። ማምሻውን እኔም በአይሱዙ ጀርባ ተጭኜ ወጣሁ።

ከወራት በኋላ መንገድ ሲከፈት ተመለስኩ። ሱቄ ተዘርፎ መደርደሪያው ብቻ ቀርቷል፤ ላፕቶፕ ተውሼ ሥራ ጀመርኩ። ሽማግሌው መጡ፣ ከስተዋል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ካርዱን ደጋግሜ ፈተሽኩ። የድሮ መዝሙር አገኘሁ፣ የበሬ ፎቶ አገኘሁ፣ ልጁን አጣሁት። ፎቶ አንስተውበት እንደሆነ በንዴት ጠየቅኳቸው።

«ኧረ አላነሳሁም» አሉ። «ልጄ ከጦሩ ጋር ወደ ቆቦ ሲያልፍ ቤት ጎራ ብሎ ነበር። አባ፣ አብረን ፎቶ እንነሳ ቢለኝ፣ አንቺ ከልክለሽኛልና እምቢ አልኩት።»

ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የሰማ የለም። ስልኩን ተቀበሉኝና፣ «አሁንስ ማንሳት ይቻላል?» አሉኝ።

«ይቻላል አባባ» አልኳቸው።