በር ተሳስታ የገባችው ልጅ

ልጅቷ ያደገችው በሹክሹክታ ነው። አባቷ የሌሊት ጥበቃ ስለነበር ቀን ቀን ይተኛል፤ እናቷም ልጆቿን «ቀስ! አባታችሁ እንዳይነቃ!» እያለች አሳደገቻቸው። ትምህርቷን ስትጨርስ በመንግሥት ቢሮ የሥራ ልምምድ ደረሳትና አንድም ዘመድ ወደሌላት ከተማ ሄደች።

የተመደበችው የልደትና የጋብቻ ምዝገባ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ባለጉዳይ በስም ትጠራለች፣ የሚነግሯትንም ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። መጻፉን ትችልበታለች። ድምፅዋ ግን ከመስታወቱ አልፎ አልወጣ አለ። ትጠራለች፣ የሚነሣ የለም። «እዚህ መስኮት ሰው የለም እንዴ?» ይላል አንዱ። አለቃዋ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነውና፣ «እህቴ፣ ምስጢር እያካፈልሻቸው ነው?» ሲላት ቢሮው በሙሉ ሳቀ። አብራ ሳቀች፤ መጸዳጃ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች።

በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ ዝናቡ ይወርድ ነበር። የተከራየችበት ሰፈር ቤቶች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ በራቸው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጃኬቷን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ እየሮጠች አንዱን በር ገፍታ ገባች። ውስጥ አንዲት አሮጊት፣ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን ባለቤታቸውን ከወለል ለማንሣት ይታገላሉ።

«በዚያ በኩል በብብቱ ያዥልኝ!» አሏት፣ ማን እንደገባ እንኳ ሳያዩ።

ያዘች። ምን ታድርግ? ተጋግዘው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

«ለመሆኑ ማን ልበል?» አሉ አሮጊቷ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«ጎረቤት ያለሁት ተከራይ ነኝ፣ እማማ። በር ተሳስቼ ነው፤ ይቅርታ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደገኑ። «ምን አለች?»

«በር ተሳስታ ነው!» ብለው ጮኹ ሚስትየው።

«እንኳን ተሳሳተች! ባትሳሳት እዚሁ ሲሚንቶ ላይ መቅረቴ ነበር» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ስሟ «ተሳስታ» ሆኖ ቀረ። ከሥራ ስትመለስ ወደ እነሱ ጎራ ትላለች፤ እማማም ያለ እሷ እራት አይቀርብም አሉ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሾፌርነት የጨረሱ ናቸው። «ዓይኔም ጆሮዬም አብረውኝ ጡረታ ወጡ» ይላሉ። ጋዜጣ እንድታነብላቸው ለመኗት። ጀመረች።

«ለማን ነው የምታነቢው? ለጋዜጣው ነው?»

ከፍ አደረገች።

«አሁንም አልሰማሁም፣ ልጄ!»

እንዲህ እንዲህ እያለ ድምፅዋ ግድግዳ ማለፍ ጀመረ። አንድ ምሽት እንዲያውም ከወዲያኛው ቤት የጎረምሳ ድምፅ፣ «እባክሽ የኳሱን ድገሚልን!» አላት። አፍራ ልታቆም ነበር፤ አባባ ግን «ድገሚለት፣ እሱም የሰው ልጅ ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላ፣ የቢሮው አዳራሽ ጢም ብሎ በሞላበት ቀን፣ የአንዱን ባለጉዳይ ስም ጠራች። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ የግቢው በር ደርሷል፤ ሰምቶ ተመለሰ። በአንዲት እናት ጀርባ ላይ የተኛ ሕፃንም ነቅቶ አለቀሰ። አለቃዋ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «እሰይ! ማን አስተማረሽ?» አላት።

«አባባ» አለች።

አባቷ መስሎት ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም አላረመችውም።

ልምምዱ ሲያልቅ ቢሮው ቀጠራት። የምሥራቹን ለእናቷ ስልክ ደውላ ስትነግራት፣ «ደስ ይላል ልጄ፤ ግን ምን ያስጮህሻል? አባትሽን ቀሰቀስሽብኝ እኮ!» አለቻት። ከኋላ የአባቷ ድምፅ ተሰማ፤ «ተያት፣ ትጩህ።»

አሁን የምትኖረው በባልና ሚስቱ ጓሮ ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት እሷና እማማ አባባን ደግፈው መንገድ ዳር ያስቀምጧቸዋል። እሳቸውም በዚያ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ ያርማሉ።

«ተመልከችልኝ፣ ማርሹን ሲያስጮኸው!»

«ደህና ይዋሉ አባባ!» ብላ፣ እሳቸው በሚሰሙት ድምፅ፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።