አዴ ፋጡማ ያስፈቱት ሽጉጥ

በሳጅን ማዕረግ ጭሮ ከተማ የተመደብኩ ቀን፣ አዛዤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል አሳየኝና "ያንተ ሥራ ወንጀሉ ሳይፈጸም ነው" አለኝ። የኮሚዩኒቲ ፖሊስ ማለት ይኸው ነው። እኔ የእዚያው አቅራቢያ፣ የሂርና ልጅ ነኝ፤ ቋንቋውንም ሰዉንም አውቃለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴ፣ እናት፣ የሚላቸው ፋጡማ መጡ። የሴቶቹ አፎሻ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ጋ አፎሻ ይሉታል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ኢልመ ኪያ፣ ልጄ፣ ሌባን ሮጠህ ትይዛለህ። ጠብን ግን ተቀምጠህ ነው" አሉኝ። የአሮጊት ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት። ወይ ድፍረቴ።

ያኔ መናኸሪያው አካባቢ ጫት የሚጭኑ ወጣቶች የላዮቹና የታቾቹ ተባብለው በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር። ጠባቸው ማን ቀድሞ ይጫን ነው። አንድ ቀን ከታቾቹ አንዱ፣ ከላዮቹ ረሺድ የሚባለውን ሆዱ ላይ በጩቤ ወጋው። ወጊውን ወዲያው ይዘን ፍርድ ቤት አቀረብን። ረሺድም በቀዶ ሕክምና ተረፈ። እኔ ጉዳዩ አለቀ አልኩ።

አላለቀም። የረሺድ ታላቅ ወንድም ጀማል በቦርደዴ ከተማ በኩል ሽጉጥ አግኝቶ መጣ። የሚፈልገው የወጊውን ወንድም ነበር። ልጁ የሚኒባስ ረዳት ነው፤ ምንም ያደረገው ነገር የለም።

ሽማግሌዎች ጀማልን አግባብተው ጫት እየተቃመ በሚወራበት በርጫ ላይ አስቀመጡት። እኔም ሲቪል ለብሼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጀማል ስለ ሽጉጡ አፉን ሲከፍት፣ የሥልጠና ነገር ሆኖብኝ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሐጂ ሙሜ፣ "ሳጅን፣ ሽማግሌ ፊት የተነገረ ወረቀት ላይ አይወጣም። የሚጽፍ የአላህ መላኢካ አለ፤ አንተ ተወው" አሉኝ። ጀማል ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደፋሁት፣ የለቀሙት ግን ሌሎች ናቸው።

አዛዤ ሲሰማ "ኃይል ይዘህ ቤቱን ፈትሽ" አለኝ። አዴ ፋጡማ ደግሞ "ጀማል እቤቱ የለም። ብትሄድ የምታስደነግጠው እናቱን ነው። ሁለት ቀን ስጠኝ" አሉ። አዛዤን ለመንኩት፤ እያጉረመረመ ፈቀደ። ረዳቱን ልጅ ቦኬ ወረዳ ያሉ ዘመዶቹ ጋ ሸሸግነው።

በአገሩ ወግ የበዳይ ቤተሰብ የቆሰለውን እስኪድን ያስታምማል። የወጊው እናት ግን ፈርታ ከቤት አልወጣችም ነበር። አዴ ፋጡማ የአፎሻውን ሴቶች ይዘው ሄዱ። መሐላቸው አስገብተው፣ አጥሚት በፔርሙዝ አስይዘው ሆስፒታል አደረሷት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከረሺድ አልጋ አልተለየችም።

በሁለተኛው ቀን ጀማል ወንድሙን ሊጠይቅ መጣ። የጠላቱ እናት ወንድሙን በማንኪያ ስታጠጣ አገኛት። በር ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ጥግ፣ አዴ ፋጡማ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠናል፤ እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ አይቼ ተነሣሁ።

"ሳጅን፣ አንተ ውጣ" አሉ አዴ ፋጡማ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

የታጠቀ ሰው በሽተኛ ክፍል ውስጥ ትቶ መውጣት በየትኛው ደንብ ተጽፏል? ግን ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ከውስጥ የረሺድ የደከመ ድምፅ ተሰማኝ፦ "ጀማል፣ ተቀመጥ። እህል የቀመስኩት እሷ ከመጣች ወዲህ ነው።" ቀጥሎ የሰማሁት የጀማልን ልቅሶ ነው።

አዴ ፋጡማ ሽጉጡን በሻሻቸው ጠቅልለው አመጡልኝ። ጥይት ጎርሷል። አዛዤ "ከማን ተረከብክ?" ሲለኝ "ከአፎሻው" አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና መረከቢያው ላይ ፈረመ። ረዳቱ በማግስቱ ከቦኬ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ጡረታ እስክወጣ ብዙ መሣሪያ አስፈትቻለሁ፤ እንደ እኚህ ሴት ያለ ፖሊስ ግን አላየሁም። ለአዲስ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው፦ ጠብ ማብረድ የሚችል ሰው ስታገኙ አትቅደሙት። ውጡ ካላችሁም ውጡ።