እጃቸውን ሳያስገቡ የማያምኑት አጎቴ

አጎቴ ቶሎ አያምኑም ነበር። አሰላ በሚገኘው የእህል መጋዘን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ሳይከቱ ስንዴ ተቀብለው አያውቁም።

እኔ እዚያው በተቀጠርኩ በወሩ አዲስ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ተመደበልን። አንድ ቀን ከሳጉሬ የመጣ ስንዴ በመሣሪያ ለክቶ፣ "ደረቅ ነው፤ ይራገፍ" አለ።

"ትንሽ ይቆዩ" አሉ አጎቴ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ሰው ፊት ሊያዋርዱት ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው። አንዱን ጆንያ ፈትተው እጃቸውን ሲከቱ መሀሉ እርጥብ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አስኪያጁን አየው። አጎቴ ግን፣ "ፍቱት ያሉኝ እሳቸው ናቸው" አሉ።

ለምን እንደዋሹ ስጠይቃቸው፣ "የጠረጠርኩት ስንዴውን ነው። ልጁ ነገም አለቃችን ነው፤ እንዲያፍር አልፈልግም" አሉኝ።

ካረፉ ወዲህ ጆንያው ሁሉ ዝም ብሎ ይራገፋል።

ለቅሷቸው ላይ ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ያኔ ጉቦ ይቀበላሉ ብዬ ጠርጥሬ የስንብት ደብዳቤያቸውን ጽፌ ነበር" አለኝ።

"አጎቴ ያውቁ ነበር?"

"እርጥቡ ስንዴ የተገኘ ዕለት ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አይተውታል። አንድም ቀን አላነሱብኝም" አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።