የማይመጣ ይንገረኝ

ቡራዩ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እኔን የማይፈራ ተማሪ የለም። ይህን የምለው እያፈርኩ አይደለም። የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አይለይም፣ ጠመኔ ሲሰበርብኝ እንኳ የምቆጣው ጠመኔውን ነው። በየዓመቱ «ሹር» የምትለዋ ቃል ላይ ስንደርስ ግን የምቆጣው ይጠፋኛል። ልጆቹ መልመጃ ሲሠሩ አንዱ አጠገብ እቆማለሁ። መልሱን በትክክል ጽፏል። «አር ዩ ሹር?» እለዋለሁ። ወዲያው ላጲሱን ያነሣና ትክክለኛውን መልስ አጥፍቶ የተሳሳተ ይጽፋል።

አይፈረድበትም። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ካለ «ተሳስተሃል» ማለቱ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከመጀመሪያው አስረዳለሁ። ሹር ማለት እርግጠኛ ማለት ነው። ሜክ ሹር ሲሆን ደግሞ ተነሥተህ ሂድ፣ በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ ማለት ነው። ምሳሌዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነው፦ በሩ መዘጋቱን አረጋግጥ። አሥራ አንድ ዓመት ቃሉን ሳስተምር አንድም ቀን ራሴን አስይዤ ተናግሬው እንደማላውቅ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

ቃሏ ከክፍል ስትወጣ ሌላ ኑሮ አላት። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ስልክ ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገራት እሷን ነው። «ለእናታችን ተዝካር ትመጣለህ?» ስለው «ሹር!» ይላል። «አባዬን ሐኪም ቤት ትወስዳቸዋለህ?» ስለው «ሹር ባክሽ!» ይላል። አይመጣም፣ አይወስድም። ክፋት የለበትም፤ ለእሱ ሹር ስልክ መዝጊያ ናት።

አባቴ ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ናቸው። ሱሉልታ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ የሣር መስክና አራት ላሞች አሏቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸው ስለ ነገ አንድም ነገር አረጋግጠው ተናግረው አያውቁም። ነገ ገበያ ይወጣሉ? «ዮ ዋቅኒ ጄዼ» ይላሉ፣ ፈጣሪ ካለ። ራት ይበላሉ? ዮ ዋቅኒ ጄዼ። ይህን የሚሉት እጃቸውን ታጥበው ገበታው ፊት ተቀምጠው ነው።

አምና የደረሰው ጥፋት የእኔ ነው። የእኛ ሰፈር ሣር የሚታጨደው በደቦ ነው። አንድ ቀን ይታጨዳል፣ አንድ ቀን እየተገላበጠ ይደርቃል፣ በሦስተኛው ቀን ይከመራል። ሳይከመር ዝናብ ካገኘው ይጠቁራል፤ የጠቆረ ድርቆሽ ደግሞ ላም አሽትታ ትታው ትሄዳለች። ሰው የመጥራቱ ሥራ የእኔ ነበርና ቡራዩ ተቀምጬ ለሃያ ሰው ደወልኩ። ሃያውም «እሺ» አሉኝ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል፤ ይህን የተረተው ሰውዬ ድርቆሽ ያልነበረው መሆን አለበት። ለአጨዳው ሰው አልጠፋም። ለመከመሩ ቀን የመጣው ሦስት ሰው ነው። የቀረው ሁሉ «ሌላው ይበቃቸዋል» ብሎ ቀረ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይቀር መጣ።

የሽማግሌ ልጅ ደውላ ስትጠይቅ «አልመጣም» ማለት በእኛ ሰፈር ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም ከአንገት በላይ እሺ ይላል። እኔ የዚያው ሰፈር ልጅ ሆኜ፣ ይህን ከማንም በላይ እያወቅኩ፣ የሃያ ሰው እሺ ቆጥሬ ተኛሁ።

አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጥቁሩን ድርቆሽ በመንሽ ገልበጥ አድርገው አዩትና «የዘንድሮው አለፈ» አሉ። «ከርሞም እንዲህ ከሆነ ላሞቹን ሸጬ፣ መስኩን ለሚጠይቁኝ ሰጥቼ ቡራዩ አንቺ ዘንድ እገባለሁ።» መስኩን የሚጠይቁ አልጠፉም፤ በሁለት ጎኑ እስከ ድንበሩ ቤት ተሠርቷል። እኔ ቡራዩ የተከራየሁት አንዲት ክፍል ነው፣ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሰባ ዓመት መስክ እያዩ የነቁ ሰው ያን ግድግዳ ሲያዩ ታየኝ። ዓመቱን ሙሉ ከፊቴ አልጠፋም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲደርስ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ሱሉልታ ወጣሁ። ከግድግዳው ካላንደር ላይ በዓል የማይነካቸውን ሦስት ቀናት፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕንና ሐሙስን አውጥቻለሁ፤ ከባልደረባዬም ጋር ክፍለ ጊዜ ተቀያይሬያለሁ። አባቴ ደጃፉ ላይ ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልሞረዱትም።

«አባዬ፣ ማክሰኞ እናጭዳለን» አልኳቸው።

«ሰው ይመጣል?»

«ይመጣል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

ላጲሱ እጄ ውስጥ የገባ መሰለኝ። «ኧረ ይቅር፣ በሌላ ሳምንት ይሁን» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ተማሪዎቼን ያን ጊዜ ገና ተረዳኋቸው።

«አሁን አይደለሁም» አልኳቸው። «ነገ አመሻሽ ላይ ይጠይቁኝ።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ለቤት ዞርኩ። መጀመሪያ የገባሁት ከመስካችን ማዶ ያሉት ሽማግሌ ቤት ነው፤ ሁለት የደረሱ ወንዶች ልጆች አሏቸው። «አካም ጅርቱ?» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ቶሌ፣ ቶሌ! እሺ፣ ሁለቱንም እልካለሁ» አሉኝ።

አምና ቢሆን አመስግኜ እወጣ ነበር። «ኦቦ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አልኳቸው። «የማይመጣ ካለ ይንገሩኝ። እምቢ ማለት ይቻላል። እኔ አልቀየምም፣ አባቴም አይቀየሙም። እሺ ተብሎ የሚቀር ሰው ካለ ግን አባቴ ላሞቻቸውን ሸጠው ከዚህ ይሄዳሉ።»

ጢማቸውን አሻሹ። ሰባ ዓመት አብረው የኖሩትን ጎረቤታቸውን እያሰቡ ይሁን፣ የእኔን ድፍረት እየመዘኑ ይሁን አላውቅም። በመጨረሻ «ትልቁ የለም» አሉ። «ተፍኪ ለቅሶ ሄዷል፤ ሳምንቱን አይመለስም። እሺ ያልኩሽ አፌ ለምዶበት ነው። ትንሹ ግን ሦስቱንም ቀን ያንቺ ነው።»

«ገለቶማ!» ብዬ አመስግኜ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አምና ሁለት ልጅ ሰጥተውኝ አንድም አላየሁም፤ ዘንድሮ አንዱን ነሥተውኝ ሀብታም አደረጉኝ።

ወሬው ቀደመኝ። ሦስተኛው ቤት ስደርስ «እምቢ የምታሰኘዋ መጣች!» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። አንዱ ወገቡን ያመዋል፣ አልችልም አለ። አንዷ ልጇ ታሞባታል። ሲናገሩ ፊታቸው ፈካ ይል ነበር፤ ሰው እውነቱን ተናግሮ አለመወቀሱ እንዲህ እንደሚያቀለው አላውቅም ነበር። «እመጣለሁ» ያሉኝም ከማለታቸው በፊት ማሰብ ጀመሩ። ቀን በጣታቸው ቆጠሩ፣ ሚስታቸውን ጠየቁ፣ ከዚያ አሉ።

መንገዱ ዳር ሱቅ ያላቸው ሙስሊም እናት ነገሬን እንኳ አላስጨረሱኝም። «እኔ ማጭድ ይዤ አላውቅም፣ አልመጣም» አሉኝ። «የሦስቱ ቀን ሻይና ብስኩት ግን በእኔ ነው፣ ኢንሻላህ። ኢንሻላህ ያልኩሽ ደግሞ ለማምለጫ እንዳይመስልሽ! እኔ ኢንሻላህ ካልኩ አደርገዋለሁ።»

የቀረኝ ወንድሜ ነበር። ደወልኩለት። «ሹር!» አለኝ፣ ገና ቀኑን ሳልነግረው።

«ሹርህን ለራስህ ያዛት» አልኩት። «እምቢ በለኝ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? ማክሰኞና ረቡዕ ፈረቃ አለብኝ፣ አልችልም። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን እዚያ ነኝ።» ወንድሜ በዕድሜው «አልችልም» ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን መንገድ ላይ ፈገግ አልኩ።

አመሻሽ ላይ አባቴ አልረሱም። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ። ዘጠኝ ሰው እምቢ ብሎኛል። ሐሙስ ከሚመጣው ወንድሜ ሌላ አሥራ አራት ሰው ይመጣል።»

«ፈጣሪ ካለ በይ እንጂ!»

«ፈጣሪ ካለ፣ አሥራ አራት ሰው ይመጣል።»

ከዚያ ከመደቡ ሥር ሞረዳቸውን አወጡና ማጭዱን ይሞርዱ ጀመር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኩ ላይ ከጤዛው በቀር ማንም አልነበረም። አሥራ ሁለት ተኩልም ማንም። አባቴ የማጭዳቸውን ስለት በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ሞከሩ፤ እኔ የዘጠኙን እምቢ እንኳ ማመስገኔን ጠላሁት። ከዚያ የሽማግሌው ትንሹ ልጅ ማጭዱን ትከሻው ላይ አንግቶ ከማዶ ብቅ አለ። ከኋላው ሁለት፣ ከአጥሩ በኩል አራት። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ጣቶቼ አለቁና እንደገና ጀመርኩ። አሥራ አራት! አንድም ሳይጎድል። በመጨረሻ ወገቡን የሚያመው ሰውዬ እያነከሰ መጣ። «እምቢ ብዬሽ እንቅልፍ ነሳኝ» አለኝ። «ማጨድ አልችልም፣ ውኃ አቀብላለሁ።»

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ መስኩ ተላጨ። ረቡዕ ስናገላብጥ ዋልን። የሱቋ እናት ቀኑ የጾም ቀን ነውና ብስኩቱ ወተት እንደሌለበት ሦስት ጊዜ አረጋግጠው ላኩልን። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላገኘሁትን ምሳሌ እሳቸው በአንድ ካርቶን ብስኩት ሰጡኝ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወንድሜ ከአስፋልቱ ቁልቁል እየሮጠ መጣ። ክምሩ ላይ የወጣው እሱ ነው፤ እኛ ከታች በመንሽ እያቀበልነው ይደለድላል። ከቀትር በኋላ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ማንም አልተቀመጠም፤ አባቴ ሳይቀሩ መንሽ ያዙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ክምሩን ላስቲክ አልብሰን የመጨረሻውን ድንጋይ ስናስር አንዲት ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች።

«ዝነብ!» ብዬ ጮህኩ። «አሁን ዝነብ፣ እስኪበቃህ!» ሴቶቹ እልል አሉ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ከዚያ ወዲያ የሚፈራኝ አይኖርም ነበር።

ሁላችንም ጥቅጥቅ ብለን ከአባቴ ቤት ጣሪያ ሥር ቆምን፤ ጭኮ በሳህን እየዞረ፣ ዝናቡ ላስቲኩን ሲደበድብ እየሰማን። ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞሩ። «እህሳ፣ ከርሞ እዚሁ ነህ ወይስ ቡራዩ?»

አባቴ ክምሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሹር!» አሉ። «እዚሁ!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሳቁ ሳያልቅ አባቴ በራሳቸው ድፍረት የደነገጡ መሰለኝ፤ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ዮ ዋቅኒ ጄዼ» ጨመሩበት።

«አባዬ፣ ሹር ከተባለ በኋላ ያ አይጨመርም» አለ ወንድሜ። «መምህርቷን ይጠይቋት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ልክ ናቸው» አልኩ።